የእማማ ሀሊሜ አሻራ

ሳጉሬ ከተማ ሲቪክስ እያስተማርኩ ለማስተርሴ ያጠናሁት መንግሥት ከዓረብ አገሮች ጋር ስለተዋዋለው የሠራተኛ ስምምነት ነው። ለጥናቱ ጎረቤቴን እማማ ሀሊሜን አነጋገርኳቸው፤ ልጃቸው ነቢላ እዚያ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው። ለመጠየቅ መስማማታቸውን የሚገልጸው ቅጽ ላይ በአውራ ጣታቸው ሲፈርሙ፣ ልጃቸውን የማስመለሻ ማመልከቻ መስሏቸው እንደሆነ ገባኝ። ገብቶኝ ዝም አልኩ! ቃላቸውን ፈልጌው ነበራ።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን በሬን ያንኳኳሉ።

«መልስ አልመጣም ወይ ልጄ?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

ስምምነቱን አንቀጽ በአንቀጽ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ነቢላን የሚያስመልስ አንድም መስመር የለበትም።

ትናንት ጥናቴ ዩኒቨርሲቲ ቀርቦ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተባለ። ዛሬ እማማ ሀሊሜ የምሥራቹን ሰምተው ቅቤ ይዘውልኝ መጡ።

«አላህ ይስጥህ! ነቢላ መቼ ትገባለች?»