የጋሽ ወልደ ሚካኤል ትኩስ መኖ

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ካርታ ሲነድፉ አርጅተው ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ባለቤታቸው ወለተሥላሴ ካረፈች ግን ገና ሁለተኛው ክረምት ነው፤ ለእሳቸው የረዘመባቸው ይሄኛው ነው። ጌጃ ሰፈር፣ አምስት አባወራ በሚጋራው ግቢ፣ የድሮው ማድ ቤታቸው ውስጥ ሠላሳ የሥጋ ዶሮ ያረባሉ። ሰው ሲጠይቃቸው «ለገበያ ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን አጠገባቸው የሚተነፍስ ነገር ስለፈለጉ ነው።

ችግሩ ሽታው ነበር። የዶሮዎቹ ኩስ እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ሰጋቱራ ጭቃ አደረገው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማናለብሽ በየማለዳው በነጠላ አፍንጫቸውን ይዘው በር ያንኳኳሉ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬማ ወጤ ውስጥ ገባ እኮ!»

«ሽታ እንዴት ወጥ ውስጥ ይገባል?»

«ክዳኑን ከፍቶ ነዋ! የእርስዎ ዶሮ ምን ይሳነዋል?»

በመጨረሻ ግቢው ተሰብስቦ ቁርጡን ነገራቸው፤ እስከ ቡሄ ሽታው ካልጠፋ ዶሮዎቹ ይወጣሉ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የእንስሳት መድኃኒት የምትሸጠው ነስሪን፣ ኢንዛይም የሚባል ዱቄት ሰጠቻቸው። ገብስና ፉርሽካ ለዶሮ አንጀት ከባድ ነው፤ ይሄ ዱቄት ይፈታላታል፣ ያኔ የበላችው ሥጋ ይሆናታል፣ ኩሷም ይደርቃል አለቻቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰጧቸው። ሰጋቱራው ያው ጭቃ ነው። ለቡሄ አሥር ቀን ሲቀር ተመልሰው ሄዱ።

«ዱቄትሽ ሰነፍ ነው፣ ልጄ።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚሰጧቸው፣ ጋሼ?»

«እንደ ሰው ነዋ! ከመኖው ጋር ደባልቄ፣ በፈላ ውሃ አሽቼ፣ ትኩስ ትኩሱን። በዚህ ብርድ ማን ቀዝቃዛ ይበላል?»

ነስሪን ሳቋ አመለጣት። «ገደሉት እኮ! ኢንዛይም የፈላ ነገር አይችልም፤ ሥራውን ሳይጀምር ነው የሚሞተው። ደረቁን ይስጧቸው። ጠዋት መመገቢያውን ሞልተው ቢወጡ እስከ ማታ ይበቃቸዋል። እርስዎም ያርፋሉ።»

ማረፍ። ይህችን ቃል እያላመጡ ወደ ቤት አዘገሙ። ወለተሥላሴ ቀዝቃዛ ነገር አፏ አይገባም ነበር። ሕመም ከጣላት ወዲህ ጎሕ ሲቀድ ተነስተው አጥሚቱን የሚያሞቁላት እሳቸው ነበሩ። ሐዘን ልብ ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ የለመደውን ሥራ ያጣ እጅ ውስጥም ይቀመጣል። ዶሮዎቹ ያንን ሥራ ለእጃቸው መልሰውላቸው ነበር። አሁን በገዛ ፈቃዳቸው ሊተዉት ነው፤ ካልተዉት ደግሞ ዶሮዎቹም ይሄዳሉ።

በማግስቱ ደረቁን ሰጡ። ሳምንት ሳይሞላ ሰጋቱራው ፍርፍር አለ፣ የዶሮዎቹም ደረት ሞላ። ቡሄ ደርሶ አለፈ፤ ማንም ስለ ዶሮ አላነሳም። ጠዋት ወደ ማድ ቤቱ ሲገቡ ዶሮዎቹ ከመመገቢያው ቀና እንኳ አይሉም። በራቸውንም የሚያንኳኳ ጠፋ።

ቡሄ ባለፈ በአራተኛው ቀን እሳቸው ራሳቸው ሄደው የወይዘሮ ማናለብሽን በር አንኳኩ።

«ምነው ጋሽ ወልዴ፣ ደህና?»

«ደህና። ሽታው… ዛሬ አልመጣብሽም?»

«ኧረ ተመስገን፣ ድራሹ ጠፋ! እግዜር ይስጥልኝ።» ከውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፤ ወይዘሮ ማናለብሽ አንድ እግራቸው ወደ እሱ ዞሯል።

«ምናልባት ከሰዓት በኋላ» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣ የበሩን ጠርዝ እንደያዙ፣ «ትንሽም ቢሆን ከሸተተሽ፣ መጥተሽ ንገሪኝ።»