አንዲት የቅርንፉድ ቋጠሮ

ሽሊረን ከተማ በምሠራበት መጋዘን ውስጥ አንድ የቅመም ካርቶን ተቀዶ የቅርንፉዱ ሽታ ሲያውደኝ፣ እትዬ ሙሉ ትዝ አሉኝ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አውሎ ነፋስ ቤታቸውን ላፈረሰባቸው የአንዲት ደሴት ሰዎች፣ ጄኔቫ፣ ፓኪ በሚባለው ሰፈር የነበርን ሐበሾች ድስት ሰብስበን ነበር። እኔ በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ካርቶን ውስጥ እደረድራለሁ። ጡረታ የወጡት እትዬ ሙሉ ደግሞ በየድስቱ ውስጥ ጥቂት ቅርንፉድ በወረቀት ቋጥረው ይከታሉ።

«እትዬ፣ የሚበላ ነገር ክልክል ነው። ከተገኘ ጭነቱ በሙሉ ወደብ ላይ ይቀራል ብለዋል አጓጓዦቹ» አልኳቸው።

«ታዲያ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ባዶ ድስት ልላክ? እናትህ የጎረቤት ሳህን ባዶውን ትመልስ ነበር?»

«ኧረ አትመልስም።»

ካርቶኑን ወደ እኔ ገፉና፣ «በል አውጣው፤ እኔ ግን አላይም» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አንድ በአንድ አወጣሁ። መጨረሻ ላይ እጀታው የተጣመመ ትንሽ ድስት ቀረ። የመኪናው ሾፌር ከበሩ ላይ፣ «የሚበላው ሁሉም ወጣ?» አለኝ።

«ሁሉም» አልኩ፣ ክዳኑን በገመድ እያሰርኩ።

መኪናው ሲሄድ ቋጠሮዎቹን አስረከብኳቸው። እትዬ ሙሉ ቆጠሯቸው። አንዲት ጎድላለች። ቀና ብለው አዩኝና፣ «እግዜር ያድርሳት» አሉ።

መጋዘኑ ውስጥ የተቀደደውን ካርቶን በፕላስተር አሸግኩት። ያ ጭነት ደርሶ እንደሆነ ግን፣ መልሱን ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ ማንንም አልጠየቅሁም።