ስለ ጥጃ የተጻፈው ደብዳቤ

ጎረቤቶቻችን «እንግሊዝኛ ምን ያደርግልሻል?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚያናግረኝ ሰው እንደሌለ እኔም አላጣሁትም። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ግን ህንዳዊው አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን የብዕር ጓደኛ ፈለገልን። ለእኔ የደረሰችኝ የስኮትላንድ ገበሬ ልጅ ነበረች።

አሰሳ የመጣ ዕለት አብዮት ጠባቂዎቹ ደብዳቤዋን ደብተሬ ውስጥ አገኙት። አንደኛው የውጭ አገር ቴምብሩን ሲያይ እናቴን ደረቷን በሰደፍ መታትና «የማን ነው?» ብሎ ጮኸ። እኔ አፌን ሳልከፍት ታላቅ ወንድሜ «የኔ ነው» አለ። ወንድሜ እኔ እንድማር ብሎ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ አጋሮ ቡና መጋዘን ጆንያ የሚሸከም ሰው ነው። አማርኛውንም የሚያነበው በጣቱ እየተከተለ ነው።

ቀበሌ ወስደው «አንብብ!» አሉት። ዝም አለ። ምን ይበል? ዝምታውን ምስጢር መጠበቅ አድርገው ቆጠሩት፤ ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግሩን ገረፉት። አንብብ ይሉታል፣ ዝም ይላል፣ ይገርፉታል። እናቴ ስንቅ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ቀን ሙሉ ይህንን ሰማች።

በሦስተኛው ቀን እኔው ቀበሌ ልሄድ ስነሣ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ሂንዴሚን! አትሂጂ ልጄ! አንዱ አይበቃኝም?» አለች። ቀሚሴ እጇ ላይ ተቀደደ፤ ጥያት ሄድኩ።

ካድሬው ገና «ደብዳቤው የኔ ነው» ስል በጥፊ አጮለኝ። ከንፈሬ እየደማ አንብቤ ተረጎምኩለት። ልጅቷ እንደጻፈችው ላማቸው ምጥ ይዟት ነበር፤ ጥጃው በኋላ እግሩ ስለመጣ አባትየው በገመድ ስቦ አወጣው። ከዚያ በታች «አዲሱ መንግሥታችሁ ሰው ይገድላል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል መስመር ነበር። ዘለልኩት።

«ለጥጃ ብሎ ባሕር ተሻግሮ የሚጽፍ ማን ነው? ድገሚው!» አለኝ። አንድ ነገር ብለውጥ ሊይዘኝ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ወንድሜ እየጮኸ ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ ሦስት ጊዜም ያንን መስመር ዘለልኩ። ያን ሰውዬ በሁለት እጄ ማነቅ አማረኝ። ዛሬም ያምረኛል።

ደብዳቤውን አስቀርተው ወንድሜን ከሰዓት በኋላ ለቀቁት። መርገጥ ስላቃተው እኔና እናቴ ተሸክመነው ገባን። እግሩን በጨው ውሃ ሳጥበው ጥርሱን ነክሶ «ማን ነይ አለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። ቆይቶ ደግሞ «ለመሆኑ ምን ነበር የሚለው?» አለ።

የዘለልኩትን መስመር ጨምሬ ሁሉንም በቃሌ ነገርኩት። እንባው ወረደ። ከዚያ ወዲያ ጆንያ ሊሸከም እንደማይችል ሁለታችንም አውቀነዋል፤ ትምህርቱን ትቼ ሥራ እንደምፈልግ ነገርኩት።

በክርኑ ቀና ብሎ አፈጠጠብኝ። «ነገ ትምህርት ቤት ባትሄጂ፣» አለኝ፣ «እኔው ነኝ የምገርፍሽ።»