መዝገቡ ላይ «ሴት ሁለት» ነበርኩ

የዚያን ዓመት ሰኔ ሰላሳ ጠዋት አባቴን ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሁለት በቅሎ ይዞ ሳየው ክው አልኩ። አንዷን ከዳባት ተቀምጦባት መጥቷል። ሁለተኛዋ ግን ባዶ ኮርቻ ተጭናለች... ለእኔ ማለት ነው።

ጉልበቱን ስሜ ቀና ስል «እቃሽን ሰብስቢ፣ ትምህርቱ ይብቃሽ» አለኝ። «አገሩ ሁሉ ያች ከወንድ ጋር የምትውለው ይልሻል። መስማት ታከተኝ ልጄ።»

ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ጎንደር ከተማ እንኳ ሆነን፣ ከአርባ ወንድ ጋር የምንማር ሴቶች ሦስት ብቻ ነን። አስተማሪያችን ደግ ሰው ነበሩ። ግን ስም ሲጠሩ ወንዶቹን ከነአባታቸው ይጠሩና መጨረሻ ላይ «ሴቶቹስ አሉ?» ይላሉ። መዝገቡም ላይ ሴት አንድ፣ ሴት ሁለት፣ ሴት ሦስት ተብለን ነው የተጻፍነው። እውነቴን ነው!

«አባዬ፣ ውጤት እስኪነበብ ብቻ ጠብቀኝ» ብዬ ለመንኩት። እያጉረመረመ እሺ አለ።

ወላጅ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። አስተማሪው ወረቀታቸውን አንስተው «አንደኛ...» አሉና ቆም አሉ። ከዚያ «ከሴቶቹ አንዷ!»

ሰዉ ሳቀ። አባቴ ግን ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ።

«ምነው የኔታ! ሴቶቹ ሦስት አይደሉም? የማን ልጅ ናት?»

አስተማሪው መዝገቡን ገለጡ... አገላበጡ... ላብ አጠመቃቸው።

«ሁለተኛዋ ናት» አሉ በመጨረሻ።

«ሁለተኛዋ ማን?»

ከዚያ በላይ አላስቻለኝም። ከኋላ ብድግ ብዬ «ውዴ ካሳ!» ስል ጮህኩ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

አባቴ ወደ እኔ አልዞረም። ወደ ሕዝቡ ዞረና ደረቱን ነፍቶ «ካሳ እኔ ነኝ!» አለ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አንቺ እዚሁ ዘመድ ቤት ክረሚ» አለኝና ለእኔ ባመጣት በቅሎ ላይ ከገበያ የገዛውን አሞሌ ጨው ጫነባት።

«አገሩስ ምን ይላል?» አልኩት ስሸኘው።

«ያች ከወንድ ጋር የምትውለው ሲሉኝ፣ ያች ወንዶቹን የበለጠችው በሉ እላቸዋለሁ» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

መስከረም ላይ አስተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከነአባቴ ስም ጠሩኝ። እኔ ሆዬ በለመድኩት «ሴቶቹስ?» እስኪሉ ስጠብቅ... ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀሪ ተባልኩ!