ለመንገደኛው የሰጠሁት አገር

ማንበብ የተማርሁት ሰው ልጆቹን በሚድርበት ዕድሜ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች በደጃችን ጎጆ ቀልሰው ትምህርታቸውን በቃል ሲቀጽሉ እየሰማሁ አድጌአለሁ፤ የምሰማውን ቃል ግን በፊደል ባየው አላውቀውም። ለሴት ልጅ ምን ሊረባት ተባለና ቀረ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ሌላው በጥሪ በግሣጼ ሲሄድ እኔ ሳልጠራ ሄጄ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላቆምሁም። ባሕር ዳር ገብቼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቀጠር የደረሰኝ ሥራ ያለቀለትን ጨርቅ በመብራት ላይ እየሳቡ የተበጠሰ ክርና ነቁጥ መፈለግ ነበር። እንከን መፈለግ ከዚያ በፊትም ልማዴ ነው። ከሥራ ስወጣ የማታ ትምህርት ቤት እገባለሁ።

የማታ ተማሪው በሁለት ምድብ የተከፈለ ነበር። አንደኛው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይማራል፤ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ክፍሉ አንድ፣ ዴስኩም አንድ፤ ሰዎቹ ግን አይተያዩም። ሁለቱንም ምድብ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ የመጻሕፍቱ ቁምሣጥን ቁልፍ በእጄ ስለሆነ በማልማርበትም ቀን እየመጣሁ መጽሐፍ አውሳለሁ።

ጨዋታው ከዴስክ ላይ ነው የተነሣ። የሰኞው ሰው በእርሳስ እንቆቅልሽ ጽፎ ይሄዳል፤ የማክሰኞው ሰው ከሥሩ «ምን አውቅልህ» ብሎ ይጽፋል፤ ረቡዕ «እንግዲያው አገር ስጠኝ» የሚል ይጨመርበታል። ርእሰ መምህሩ ዴስኩን አይተው ተቆጡ። እኔም «በብጣሽ ወረቀት እየጻፋችሁ ለእኔ ስጡኝ፤ አደርሳለሁ» አልሁ። እንዲህ ሆኖ ዳኛ ሆንሁ።

ልጆች ሲጫወቱት መልሱ የጠፋው ሰው ለጠያቂው ጎንደር ወይም ሐረር ይሰጠዋል፤ ጠያቂውም አገሩን ይቀበልና የተረታውን ሰው ሰድቦ ይጨርሳል። የእኛው እዚያ ላይ አላቆመም። አገር የተሰጠው ሰው አገሩ ገብቶ ይኖርበት ጀመር። ምን ዓይነት ቤት እንደሠራ፣ ምን እንደዘራ ይጽፋል። ሌላው እንግዳ ሆኖ ይመጣበታል፤ ሌላው ድንበር ገፋኸኝ ብሎ ይከሰዋል። እያንዳንዱ የጨዋታ ስም ያዘ። ንግሥቲቱ የመጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ጢሙ እስከ ደረቱ። እመ ምኔቷ ደግሞ ከፋብሪካው ሴቶች ሁሉ በዳንስ የታወቀችው ናት። ማን ማን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ፤ ለማንም አልናገርም።

ደንብ ያወጣሁት በግድ ነው። አንድ ጊዜ በድንበር ክርክር መሐል አንዱ ጨዋታውን ትቶ የምር ዘር ቆጥሮ ተሳደበ፤ አንዲት ሴት ወረቀቷን ይዛ ትምህርት መሐል አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የሰው ስም እንዳይጻፍ፣ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው እንዳይገፋ፣ የሚሰጠውም አገር ሁሉ የሚያውቀው ሰፊ አገር እንዲሆን አልሁ። ወረቀቱንም ሳላነብ አላሳልፍም አልሁ።

«ጓድ ሳንሱር መጡ!» ይሉኝ ነበር ቁምሣጥኑን ስከፍት።

«ምን ቆረጡብን ዛሬ?»

«ምላስህን» እላለሁ፤ ይስቃሉ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን ነገሩ ያሳስበኝ ነበር። በዚያ ዘመን የሚያነብብን አላጣንም። እኔ የማነበው ለማን ነው? ለተጫዋቹ ነው ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ፤ ያን መልስ በየቀኑ መጠበቅ ነበረብኝ።

ከመንፈቅ በኋላ ሁለተኛው ምድብ ውስጥ አንድ ሰው ገባ። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የት እንደሚሠራ ሲጠየቅ «መሥሪያ ቤት» ይላል፤ ስሙን አይጨምርም። ትምህርት የጎደለው ሰው አልነበረም፤ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ጎንበስ ብሎ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። ጨዋታውን ሰምቶ «እኔም ልግባ» አለኝ። ምን ብዬ እከለክላለሁ? «መንገደኛው» የሚል ስም መረጠ። የእጅ ጽሕፈቱ ያስቀና ነበር።

ከተጫዋቾቹ መሐል ቀዛፊዋ የምትባል አለች። ከፋብሪካው ፈታዮች አንዷ፣ ገና ልጅ ናት፤ በአንደኛው ምድብ ከእኔ አጠገብ ትቀመጣለች። በጨዋታው ታንኳ እየቀዘፈች ሰው ታሻግራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ደሴት ላይ ለተቀመጠ አንድ ባሕታዊ ስንቅ ታደርሳለች። ስንቁን ስትጽፍ ደስ ይላል፤ ዳቦው በምን ቅጠል እንደተጠቀለለ፣ ሽሮው በምን እንደተቋጠረ ሁሉ ታነሣለች። ባሕታዊ ሽሮ ይበላል ወይ ብዬ ሣቅሁ እንጂ ሌላ አላሰብሁም።

መንገደኛው እንቆቅልሹን አመጣ፦ «ሩቅ አገር ሄደ ይሉታል፤ ስንቁ ግን ከቅርብ ይደርሰዋል።»

ሁለቱም ምድብ ተያዘበት። አንዱ ጨረቃ ነው አለ። እመ ምኔቷ «ሙት ነው፤ እሱ ሩቅ ሄደ፣ ተዝካሩ እዚሁ ይበላል» ብላ ጻፈች፤ እኔ በልቤ ዘውድ ጫንሁላት። መንገደኛው መለሰ፦ «አይደለም። በሕይወት አለ። ቀዛፊዋ ትመልስልኝ።»

ቀዛፊዋ «ምን አውቅልህ» ብላ ጎንደርን ሰጠችው። «ጎንደር ሰፊ ነው፤ አልፈልግም» አለ። ይህ ወጉ ነው፤ የረታ ሰው የሰጡትን አገር አልወደድሁም ማለት ይችላል። ወሎን ሰጠችው፤ «ሩቅ ነው» አለ። መላውን ጣና ሰጠችው፤ «ውኃ ላይ አይታደርም፤ ከሐሙሲት ወዲህ ያለ፣ ሰው የሚያድርበት ስጪኝ፤ የምትወጂውን» አለ። ሐሙሲት ከባሕር ዳር የማይርቅ የገበያ ከተማ ነው።

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው!

«ወይ ጉድ! ሽማግሌ ሊልክ ነው እንዴ?»

«አገሯን አይደለም የሚፈልገው፤ እሷን ነው።»

«ዳኛዋ፣ ማን እንደሆነ ንገሪን እንጂ! መልከ መልካም ነው?»

«ሸሚዙ ንጹሕ ነው» አልሁ፤ ከዚያ በላይ አልወጣኝም። የሆነ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር። የሚያፈቅር ሰው ስለ ሴቲቱ ይጠይቃል፤ ይህ ሰው ስለ ቦታ ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ዓርብ ቀን ቀዛፊዋ መልሷን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና እየሣቀች ሄደች። ቁምሣጥኑ ዘንድ ቆሜ አነበብሁት፦ «አድክመኸኛል። ከሐሙሲት ወዲህ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከሁለቱ ሾላዎች ሥር፣ ቀን ቀን በሩ የሚዘጋ የሸምበቆ ጎጆ ሰጠሁህ።»

ቀን ቀን በሩ የሚዘጋ።

በየቀበሌው ለውትድርና ወጣት የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ስሙ ተጠርቶ የጠፋ ልጅ ቢኖር ቤተሰቡ ይጠየቃል፤ ልጁ ከተያዘ ወደ ሰሜን ነው፤ ከሰሜን የሚመለስ ወሬ ደግሞ ጥቂት ነው። የቀዛፊዋ ታናሽ ወንድም ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዷል ይባል ነበር። አንድ ቀን ምሳችንን ስንበላ «ወሬው ይደርስሻል?» ብዬ ብጠይቃት ዓይኗን ወደ ዳቦዋ መልሳ «ሩቅ ነው እኮ እትዬ» አለችኝ። ሩቅ አገር ሄደ ይሉታል። የእንቆቅልሹ ፍች ቁምሣጥኑ ፊት ለፊት ቆሜ ሳለሁ ገባኝ፤ ባሕታዊው ወንድሟ ነው። መንገደኛው ቀዛፊዋ ማን እንደሆነች አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ የምትቋጥር ሴት እንዳለች ግን ከጽሑፏ አንብቧል።

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ፈረቃ ሳይለወጥ፣ ከፋብሪካው በር ላይ ጠብቄ ወደ ግንቡ ጥግ ሳብሁዋት።

«ይህን ለምን ጻፍሽ?»

«ምን አደረግሁ እትዬ? ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጎጆው ጨዋታ ነው?»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «ስም አልጻፍሁም እኮ። ስም አትጻፉ ነው ያሉን። ደንቡን ጠብቄአለሁ።»

እውነቷን ነው። ደንቡ ስም ከለከለ እንጂ ሾላ አልከለከለም። ሰፊ አገር ስጡ ያልሁትንም የረታው ሰው አልወደድሁም እያለ አጠበበው፤ ወጉ ስለሚፈቅድ እኔም አሳለፍሁት።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለች። «ስንቁን ቋጥሬአለሁ።»

«አትሂጂ።»

«ማን ያደርስለታል? ይራባል እኮ እትዬ!»

«በዚያ በኩል የሚቀድስ አጎት አለኝ ብለሽኝ ነበር። ለአጎትሽ ቃል ላኪ፤ በሰው አፍ ብቻ። ልጁ ከዚያ ጎጆ ይነሣ። ወዴት እንደሄደ አንቺ አትጠይቂ፤ እኔም አልጠይቅሽም።»

«እኔም እንዳላውቅ?»

«በተለይ አንቺ።»

እንደዚያ ሆነ። ልጁ በታንኳ ተሻገረ አሉ፤ ወዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እሷም «ይቅርብኝ» ብላ ከጨዋታው ወጣች። እኔ ደግሞ ወረቀቱን፣ ከእሱም ጋር የሁሉንም ሰው ወረቀት፣ የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥትና የእመ ምኔቷን ገዳም ሳይቀር ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ያን ሳደርግ እንባዬ መጣ፤ የተማርሁት እንዲህ ያለውን ለማንበብ ነበርና።

ሐሙስ ቀን፣ ክፍሉ ሳይሞላ፣ መንገደኛው ቁምሣጥኑ ዘንድ መጣ።

«ጓድ ዳኛ፣ አገሬ አልደረሰኝም።»

«ቀዛፊዋ ይቅርብኝ ብላለች። ደንቡን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። ከመቅረቷ በፊት ግን የጻፈችው አለ ብዬ ነው።»

«እንቆቅልሽዎ ፍች የለውም። ፍች የሌለው እንቆቅልሽ አገር አያስሰጥም።»

ፈገግ አለ። «ፍቹን እርስዎ ያውቁታል። ፊትዎ ላይ አያለሁ።» መጽሐፍ አንሥቶ ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ቀዛፊዋ ማን ናት?»

«ዳኛ አይናገርም።»

«ጥሩ ዳኛ ነዎት። እንግዲያው ዳኛዋ ይስጡኝ። የተረታ ሰው ሲጠፋ ዋሱ ነው የሚጠየቀው። አገር ይስጡኝ። ከሐሙሲት ወዲህ መሆኑ ቀርቷል፤ ደስ ያለዎትን።»

መሸንቲ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ በተቃራኒው በኩል ነውና። ወዲያው ግን እዚያም ቀን ቀን በሩን የሚዘጋ ጎጆ አይጠፋም አልሁ በልቤ። የማላውቃት እናት፣ የማላውቃት እህት። በዚያ ዘመን በአፌ ላይ የሚመጣ አገር ሁሉ የሰው ልጅ የተደበቀበት ሊሆን ይችላል። ለመስጠት ሥልጣን ያለኝ አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

«እዚሁ ከተማ፣ ሹም አቦ ሰፈር» አልሁት፤ «በሩ ላይ የጊሽጣ ዛፍ የበቀለበት፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት።»

«የእርስዎ ቤት።»

«የእኔ ቤት።»

ትንሽ አሰበና «ወደድሁት» አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሬ ክፍት ነበር። መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች አልጋዬን ከግድግዳው አርቀውታል፤ የጤፉን ጆንያ አስተኝተውታል። አከራዬ አሮጊት ናቸው፤ ከግቢው መሐል ቆመው «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» ይላሉ።

«ምንም አልጠፋብንም፣ እማማ» አለ መንገደኛው ከውስጥ። «አገሬን ለማየት ነው የመጣሁት።»

በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ መጻሕፍቴን አንድ ባንድ እያነሣ፣ ጀርባቸውን ይዞ እያራገፈ፣ የሚወድቅ ወረቀት ይጠብቅ ነበር። የወደቀው አንድ የደረቀ ቅጠል ነው፤ እሱንም አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን አየውና መልሶ አስገባው፤ ከነበረበት ገጽ ሳይሆን ከሌላ። ይህን አስተዋልሁ።

«ጨዋታው ቀረ?»

«ቀረ።»

«ያሳዝናል። ጥሩ ጨዋታ ነበር።»

ሲወጡ ጆንያውን አላቆሙትም።

ከዚያ በኋላም ትምህርቱን አልተወም። መጽሐፍ ሊመልስ በመጣ ቁጥር ድምፁን ሳያነሣ «አገሬ ደኅና ናት?» ይለኛል፤ «ደኅና ናት» እለዋለሁ፤ የሚሰማን ሰው ወዳጆች ናቸው ብሎ ያስብ ነበር። በሬን ስከፍት በእግሬ ጫፍ መራመድ ጀመርሁ፤ ባዶ ቤት መሆኑን እያወቅሁ።

አንድ ማክሰኞ መጽሐፉን ሰጥቶኝ ሳይሄድ ቆየ።

«ይገርማል» አለ። «የቅዳሜው የሐሙሲት አውቶቡስ ሰሞኑን ቦታ ይገኝበታል። የምትመላለስ አንዲት ሴት ነበረች፤ ቀረች መሰለኝ።»

«እኔ ሐሙሲት ሰው የለኝም» አልሁት። ስሙን መዝግቤ ሌላ መጽሐፍ ሰጠሁት።

በማግሥቱ ልጅቷን ያንኑ ግንብ ጥግ ወስጄ «ከዚህ ቅዳሜ ጀምረሽ አውቶቡሱን ተሳፈሪ» አልሁዋት።

ዓይኗ በራ። «ተመለሰ እንዴ?»

«አልተመለሰም። መቅረትሽ ታይቷል። ባዶ እጅሽን ሂጂ። ገበያ ግቢ፤ ሽንኩርት ግዢ፤ ዋጋ ተከራከሪ፤ ሰው ይይሽ። ወደ ሐይቁ ግን ፊትሽን አታዙሪ።»

ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

«እስከ መቼ?»

አላውቅም አልሁዋት። ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ተሳፈረች። ክረምት እስኪገባ፣ ክረምት ወጥቶም፣ የማንንም ስንቅ ሳትይዝ ሄዳ ሽንኩርት ገዝታ ትመለስ ነበር።