የአያ ፈንቴ ምንሽር

በቀደም በአንድ መካኒክ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ላምባ የጠገበ ጨርቅ ሸተተኝና እግሬ ቆመ። እኔ ልጅ እያለሁ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ዳንግላ አጠገብ ባለው መንደራችን ላምባ ለኩራዝ እንጂ ለጨርቅ የሚያባክን ሰው አያ ፈንቴ ብቻ ነበሩ።

አባት የሞተበት ሁሉ የወረሰውን ጠብመንጃ በጋቢ ጠቅልሎ ወደ እሳቸው ይመጣል። ወንድማማች ሳይካፈል፣ ሻጭም ሳይሸጥ ዋጋውን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ካለው ዋንዛ ሥር ቁርበት ያነጥፋሉ፤ ማቀባበያውን ይነቅላሉ፤ ላምባ በነከሩት ጨርቅ ይወለውሉታል፤ አውራ ጣታቸውን ከኋላ ደቅነው በአፈሙዙ በኩል ያጮልቃሉ፤ ለራሳቸው በአዊኛ ያጉተመትማሉ። ያን ጉምጉምታ እንዴት እወደው ነበር! "አንቺ ነገረኛ፣ ብርሃኔን አትከልይብኝ" ይሉኛል፤ ፈቀቅ ብዬ እመለሳለሁ።

የራሳቸው ጠብመንጃ ግን አልነበራቸውም፤ ሚስታቸው የታመሙ ጊዜ ሸጠውታል። በእኛ አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠብመንጃው አፈሙዙ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ልቅሶው ላይ ይወጣል። የመንደሩ ጎረምሳ "እርስዎ ሲሞቱ ምን ሊወጣ ነው፣ ጨርቅዎ?" እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። "የእኔን ይያዙ" ያላቸውን ሰው "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ብለው ይመልሱታል። ስቀው ሲያበቁ ግን ዓይናቸው መሬት ላይ ተተክሎ ይቀር ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ አንዱ በሬያችን ገደል ገባ። እናቴ ከአያቴ ለአባቴ የወረደውን ምንሽር ተሸክማ፣ እኔን አስከትላ ሄደች።

"አያ ፈንቴ፣ ያን ወይፈንዎን ይስጡኝና እርስዎ ይያዙት" አለቻቸው። "ከባዕድ እጅ ከሚገባ እርስዎ ይሻሉኛል።"

ምንሽሩን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ እንደማንኛውም ጠብመንጃ ፈቱት፣ አዩት፣ አጉተመተሙ። ሰደፉን ደጋግመው አሻሹት። እሺ ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? እናቴ የምታውቀው በሬ እንደጎደላት ብቻ ነው።

"ልጄ፣ ውስጡ እንደ መስታወት ነው" አሉ በመጨረሻ። "ይህ ጥንድ በሬ ያወጣል። በወይፈን ከወሰድሁትማ የዚችን ልጅ ጉርሻ ቀማሁ። እኔ ደግሞ ከወይፈኑ ሌላ የለኝም።"

በጋቢው ጠቅልለው መለሱላት።

አንድ የአዲስ ቅዳም ከተማ ባለጸጋ ጥንድ በሬ ሰጥቶ ወሰደው። መሬታችን ታረሰ፤ እኛም ጠገብን። አያ ፈንቴ በማሳችን ዳር ሲያልፉ ቆም ብለው በሬዎቹን ያዩአቸው ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጥቂት ክረምቶች እንዳለፉ አረፉ። ለልቅሶው ፈረስ በውሰት ተገኘ፤ ስለ ጠብመንጃ ግን ማንም አላሰበም። እናቴ ማልዳ ወጥታ ወደ አዲስ ቅዳም ሄደች። ባለጸጋውን እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው፤ እሱም ምንሽሩን ሰጥቷት አብሯት መጣ።

ሴት ጠብመንጃ ይዛ ልቅሶ ስትወጣ ያየ አልነበረም። እሷ ግን ምንሽሩን ዘቅዝቃ፣ ሰዉን ሰንጥቃ ገባች። አስለቃሹ ግጥሙን አቋርጦ "ይህ የማን ነው?" ሲል ጠየቃት።

"የአያ ፈንቴ ነው" አለች።

ባለጸጋው እዚያው አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፋ እንጂ የእኔ ነው አላለም።