ወደ ግድግዳ የዞረው ወንበር

አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ «ምናልክ» ነበር የሚሉት፤ «ምን አልክ?» እያለ ደጋግሞ ስለሚጠይቅ። እውነተኛ ስሙ መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ዱላ ይዞ እያመለከተ አውሮፕላን ወደ ማቆሚያው ሲያስገባ ኖሯል፤ አንዴም መስመር አላሳተም።

የዚህ ሥራ ሰዎች አንድ ክፉ ልማድ አላቸው። ከሞተር ጩኸት የሚከላከል ጆሮ መሸፈኛ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ግን የአለቃቸውን ሬዲዮ ለመስማት ሲሉ የግራውን ገለጥ አድርገው ይሠራሉ። ምናልክም ገልጦ ኖረ። መጀመሪያ የግራ ጆሮው ሄደ፤ የቀኙም ብዙ አልቆየም፣ ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያወራውን ከከንፈሩ ላይ ነው የሚለቅመው።

በየዓመቱ የጆሮ ምርመራ አለ፤ ድምፅ የሰማ እጁን ያነሳል። የእኛ ብልጥ ታዲያ ዘዴ አላጣም። መርማሪዋ ነርስ ከመስታወት ወዲያ ሆና ድምፁን የሚለቀውን ቁልፍ ስትጫን ትከሻዋ ከፍ ይላል፤ ያኔ እሱም እጁን ያነሳል። ከጎረምሶቹ ሁሉ በልጦ ያልፍ ነበር! ከሜዳው ካስወጡኝ አለቀልኝ ብሎ ስለሚፈራ ነው። ቤት ሲገባ ይህንኑ እያወራ ይስቃል፤ ልጁም አብራው ትስቃለች።

ያቺው ልጅ አደገችና እዚያው ሜዳ ለዚያው ሥራ ተቀጠረች። በሦስተኛ ዓመቷ ለምርመራ አብረው ተሰለፉ፤ እሷ ቀድማ ገባች። በበሩ መስታወት ሲያያት ዓይኗን በነርሷ ትከሻ ላይ ተክላ እጇን ታነሳለች።

«ምነው ልጄ?» አላት ስትወጣ።

«ግራ ጆሮዬ ጭው ይልብኛል አባዬ። እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ነው።»

ገብቶ ወንበሩን ብድግ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረው።

«እንዴ ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?» አለች ነርሷ።

«ሲስተር፣ ዘንድሮ እንዲህ መርምሪኝ። እስከ ዛሬ ያለፍኩት በአንቺ ትከሻ ነው።»

ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። እጁ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ አንዴም አልተነሳ። ነርሷ ፊቱ መጥታ ስትቆም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እሱ ግን ቀሎት ነበር።

«በይ አሁን ልጄን መልሰሽ አስገቢያት» አለ።

የልጅቷ ጉዳት ገና ጅምር ሆኖ ተገኘ፤ በጊዜ ስለተደረሰበት ከሜዳው አላስወጧትም። ወሬው ሲሰማ የሜዳው አሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንዲመረመሩ ተደረገ፤ አሥራ አንዱ ወደቁ። አለቃው ምናልክን ሊቆጣ እየተንደረደረ መጥቶ ነበር፤ ለካ እሱም ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው! በወሩ፣ ሬዲዮው ውስጡ የተገጠመለት ጆሮ መሸፈኛ ለሁሉም ታደለ። ከእንግዲህ የሚገለጥ ነገር የለም።

ምናልክ የፈራው አልቀረም፤ ከሜዳው ወጣ፣ አዲስ ገቢዎችን እንዲያስተምር ተመደበ። በመጀመሪያው ቀን ከማስተማሪያው ክፍል መስኮት ቆሞ ልጁን አያት። ሁለቱንም ጆሮዋን ጥርቅም አድርጋ ሸፍናለች። አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ዱላዋን ተከትሎ መጣ፣ ልክ መስመሩ ላይ ቆመ። ሞተሩ ሲጠፋ ወደ መስኮቱ ዞረችና ምርመራ ላይ እንደሚደረገው አንድ እጇን ቀጥ አድርጋ አነሳች።

ምናልክም እጁን አነሳ።